ሰባት ተምር

ሸሕዲ ውስጥ የቱ ሱቅ ምን እንደሚሸጥ፣ የትኛው ነጋዴ ስኳሩን ውሃ እያርከፈከፈ እንደሚያከብድ፣ የትኛዋ ዘይቷን ፀሐይ ላይ አስጥታ እንደምትውል ማወቅ የፈለገ እኔን ይጠይቅ። አየሁሽ እባላለሁ። በአቶ ደረበ የሰሊጥ እርሻ ለቀን ሠራተኛው ወጥ እሠራለሁ፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የካምፑን አስቤዛ የገዛሁትም እኔው ነኝ። የሁለት መቶ ሰው ሆድ የእኔን ዘምቢል አምኖ ነው ያደረው። ስለዚህ ስለ ሱቅ ሳወራ የሥራ ፈት ወሬ አታድርጉብኝ፤ ሐኪም ስለ በሽታ የሚያወራውን ያህል አውቄ ነው።

ከሁሉም የምወደው የባንቺአየሁን ሱቅ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ናት፤ ሱቋ ከአንድ አልጋ አይሰፋም። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠይቅ። ግን ምን እንደምፈልግ ሳልናገር ታውቃለች። ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ስትመርጥልኝ የከተማውን ወሬም አንድ በአንድ ትመርጥልኛለች። ሚዛኗ ትንሽ ወደ እሷ ያደላል፤ እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ማወቄን ታውቃለች። ከፍዬ «በይ መርቂልኝ» ስላት ግን እጇን ወደ ጆንያው ትሰድና ሚዛኑ የወሰደውን አትርፋ ትመልስልኛለች። ስለዚህ ተጣልተን አናውቅም።

ሁለተኛው ዓሊ ነው። እሱ መተማ ዮሐንስ፣ የሱዳን ድንበር አፍ ላይ ነው፤ ተምር፣ ሻይ ቅጠል፣ የሱዳን ሳሙና፣ ብስኩት ከእሱ ዘንድ አይታጣም። እስከዚያ በሚኒባስ መሄዱ አቧራ ነው፣ ሙቀት ነው። ዓሊ ግን ሲሸጥ ቸኩሎ አያውቅም፤ መጀመሪያ ውሃ ያጠጣል፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበቴ ይጠይቃል። ከፍዬ ስጨርስ ራሱ አይሰፍርልኝም። የተምሩን ካርቶን ገለጥ አድርጎ «ያላ፣ በእጅሽ!» ይለኛል። እጄን ሰድጄ አንድ እፍኝ መውሰድ ነው። ነውር የሚሆነው ሁለተኛ መዝገን ነው፤ ያኔ «ኸላስ» ይላል፣ ኸላስ ካለ ደግሞ አለቀ ማለት ነው።

ይህን እኛ ምርቃት እንለዋለን። ቄሱ በመስቀል የሚሰጠውም ምርቃት ነው፣ ነጋዴው በእፍኝ የሚሰጠውም ምርቃት ነው፤ ስማቸው አንድ የሆነው በከንቱ አይመስለኝም። ከፍለን የወሰድነው ዕቃ ነው። ሳንከፍል የተጨመረልን ነው ቤት ገብቶ የሚበረክተው። ገዥም ምርቃቱን ተቀብሎ ዝም ብሎ አይወጣም፤ «እግዜር ያበርክትልህ» ብሎ ሱቁን መርቆ ነው የሚወጣ። እናቴ ምርቃት የሌለው ስኳር ቶሎ ያልቃል ትል ነበር፤ እኔም ዐሥራ አራት ዓመት አይቼ እውነቷን መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ባለፈው መስከረም ታዲያ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ አዲሱ ፎቅ ሥር፣ «ቸሩ ሱፐርማርኬት» ተከፈተ። ቸሩ የባለቤቱ ስም ነው። የእማማ ታይቱ ልጅ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ካርቱም ሱቅ ነግዶ፣ እዚያ ጦርነቱ ሲጀመር በመተማ በኩል የተመለሰ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ቸሩ ክርስትና የተነሣ ዕለት መልአኩ ሌላ ሥራ ነበረበት።

ልዋሽ አልፈልግም፣ ሱፐርማርኬቱን መጀመሪያ ወድጄው ነበር። የአየር ማቀዝቀዣ አለው። ሸሕዲን የማያውቅ ይህ ምን እንደሆነ አይገባውም፤ እኛ ዘንድ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ቅቤ ሳይነጠር የሚፈስበት ወር አለ። በሩን ገፍቼ ስገባ ላቤ ጀርባዬ ላይ ደረቀ። ጋሪ ሰጡኝ፤ እየገፋሁ ዞርኩ። ዕቃው ሁሉ ዋጋው ተጽፎበት ተሰልፏል። ማንም ምን ፈለግሽ አላለኝም። መጀመሪያ ነፃነት መሰለኝ፣ ኋላ ግን ደበረኝ። ከስኳር ጋር ብቻዬን ማውራት አልለመድኩም።

ስኳሩን፣ ሻይ ቅጠሉን፣ ሳሙናውን፣ ክብሪቱን ይዤ የከፋዮች ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ሒሳብ ተቀባይዋ ሰርካለም የምትባል ልጅ ናት። ዕቃውን አንድ በአንድ ለማሽኑ ስታሳየው ማሽኑ ጢት ጢት ይላል። ከፈልኩ፤ ደረሰኝ ሰጠችኝ። ቆሜ ጠበቅኋት። እሷ ግን ከእኔ ኋላ ያለውን ሰው «ቀጣይ!» አለች። እዚያው ከጎኗ አፉ የተከፈተ የተምር ካርቶን አለ። ልጅ ናት፣ ረስታ ነው አልኩ። እጄን ሰድጄ አንድ እፍኝ፣ ያውም ይሉኝታ የያዘው እፍኝ፣ ወሰድኩና ዘምቢሌ ውስጥ ጨመርኩ። «እግዜር ያበርክትላችሁ፣ ሱቃችሁ አይጉደል» ብዬ መርቄ ወደ በሩ ሄድኩ።

በሩ ላይ ጥበቃው ክንዴን ያዘኝ። ከውስጠኛው ክፍል ቸሩ እየሮጠ መጣ። ለካ እዚያ ቁጭ ብሎ ሁላችንንም በቴሌቪዥን ሲያየን ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምንድን ነው ያስገባሽው?»

በእድሜ እናቱ እሆናለሁ። አንቺ ሲለኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

«ምርቃቴን ነዋ፣ ልጀ።»

«ምንሽን?»

«ምርቃቴን። ገዝቻለሁ እኮ፣ ይኸው ደረሰኙ።»

ዘምቢሌን ነጥቆ ገለበጠው። ሳሙናው ተንከባለለ፣ የክብሪቱ ጥቅል ተፈታ፣ ተምሮቹ ነጩ ወለል ላይ ተበተኑ። ጎንበስ ብሎ ለቀማቸው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ቆጠረ። ሰባት ነበሩ። ከሰርካለም ራስ በላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየኝ። «ማንበብ አትችይም? ዋጋ ቁርጥ ነው፣ ምርቃት የለም ይላል!»

ማንበብ እችላለሁ፤ መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ። ግን ምርቃት የለም የሚል ጽሑፍ በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ሰላምታ የለም ብሎ በሩ ላይ የሚለጥፍ ሰው አለ?

ሰርካለም ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ምርቃት መስሏቸው እኮ ነው» አለች። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አላት። ከዚያ ሰባቱን ተምር እዚያው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣላቸው። አልበላቸው፣ አልሸጣቸው፤ ጣላቸው። ሰልፉ ላይ ያሉት ሳቁ። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ክብሪቴን ለቀምኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ረግሜው እተወው ነበር። በሳምንቱ ግን ባንቺአየሁ እያለከለከች ካምፕ ድረስ መጣች። «አንቺዬ፣ ፎቶሽ በር ላይ ተለጥፏል!» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። እኔ ነኝ፤ ነጠላዬ፣ ዘምቢሌ፣ እጄ የተምሩ ካርቶን ውስጥ። በፕላስቲክ ተሸፍኗል፣ ዝናብ እንዳያበላሸው። ከሥሩ «እኚህን ሴት ሲያዩ ለጥበቃ ይጠቁሙ» የሚል ተጽፏል። በጽሑፍ ሲሆን እኚህ አለኝ፤ ክብር የሰጠኝ እዚያች ላይ ብቻ ነው።

የሸሕዲ ሰው ሁሉ አውቶቡስ ሲጠብቅ የሚቆመው እዚያ በር ላይ ነው። ከጎንደር የሚወርደው፣ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚሄደው፣ ከአብርሃ ጅራ የመጣው ሁሉ ፎቶዬን ሳያይ አያልፍም። ካምፕ ውስጥ «እማማ ተምር» የሚል ስም ወጣልኝ። ሽሮው የቀጠነ ቀን «ዱቄቱን ማን ዘገነው?» ብለው ይስቃሉ። የማርያም ማኅበር ላይ የገንዘቡ ሙዳይ ሲዞር ሴቶቹ እኔ ፊት ሲደርስ ፈጠን አድርገው ያሳልፉታል። በመጨረሻ አቶ ደረበ ጠሩኝ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «አየሁሽ፣ እኔስ አውቅሻለሁ፣ ግን ሰው ይናገራል። ግዥውን ሌላ ሰው ይያዘው፤ አንቺ ምግብሽን ሥሪ» አሉኝ። ዐሥራ አራት ዓመት የያዝኩትን ዘምቢል ከቢሮአቸው ጥግ አስቀምጬ ወጣሁ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ቤቴ ኪራይ ነው። የነበረኝ ስሜ ነበር።

አንድ ጊዜ ለምኜዋለሁ። በማለዳ ሄጄ፣ ሰው በሌለበት፣ ነጠላዬን አደግድጌ «ልጀ፣ ፎቶውን አንሣልኝ» አልኩት። ፊቱን እንኳ ወደ እኔ አላዞረም። «ካሜራ አይዋሽም» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ካሜራ አይዋሽም። ግን ካሜራ አይሰማም። እጄን አየ እንጂ «ሱቃችሁ አይጉደል» ያልኩትን አልሰማም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያን ቀን ከዚያ በር ስወጣ ልመናዬን ጨርሼ ነው የወጣሁት።

የንስሐ አባቴ ነገሬን ሰምተው መከሩኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጀ» አሉኝ።

«አባ፣ እባክዎ ስርቆት የሚለውን ቃል ለእኔ አይጥቀሱብኝ» አልኳቸው።

ጥቅምት እንደዚህ ሆኖ አለፈ። ሰሊጡ ታጨደ፣ ነዶው ደርቆ መራገፍ ጀመረ። ከሠራተኞቹ መካከል አዛናው የሚባል የጎጃም ሰው አለ፤ አምስት መኸር ቆላ የከረመ ሳሉግ ነው። ሳሉግ የምንለው በረሃውን የለመደውን የቀን ሠራተኛ ነው፤ ደጋ የሚመለስበትን መንገድም የሚበላበትን ቤትም አዲስ የመጡት የሚጠይቁት እሱን ነው። አንድ ቀን ለምሳ ሲሰለፍ እሱም «እማማ ተምር» አለኝ። ጭልፋዬን አስቀመጥኩ።

«ና እስኪ ንገረኝ፤ ምን ሰረቀች ብለው ነው የነገሩህ?»

«ተምር ነዋ፣ እታለም።»

«ገዝቼ፣ ከፍዬ፣ ለምርቃት የዘገንኩት ነው። ሰባት ፍሬ።»

አዛናው ሳህኑን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። «ለምርቃት? እኛ አገር ጤፍ ሲሰፈር በቁናው አናት ላይ የሚቆለለውስ ምን ሊባል ነው? ስርቆት?» አለ። ዞሮ ወደ ጓደኞቹ ጮኸ። «ስሙ እንጅ! ምርቃት ነው እኮ የወሰደችው!» ያን ቀን ሽሮዬ ላይ የሳቀ የለም። እኔም ጭልፋዬን አንሥቼ እየጨለፍኩ ሐሳቤን ነገርኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ሲያልቅ፣ ሰሊጡ ተራግፎ ሲያበቃ፣ ሠራተኛው የድካሙን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ባዶ እጁን ግን አይመለስም። ለእናቱ ስኳር፣ ለሚስቱ ሳሙና፣ ለልጆቹ ብስኩት፣ ለራሱ ብርድ ልብስ ይገዛል። የሸሕዲ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያችን ሳምንት ነው። ቸሩም ሁለት መኪና ሙሉ ዕቃ አራግፎ እየጠበቀ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ላስምላችሁ» አልኳቸው። «ሳይከፍል አንዲት ፍሬ የሚነካ ሰው እኔን ገደለኝ። ፍተሻ ሲጠይቋችሁ ተፈተሹ፣ ሲያመናጭቋችሁ ዝም በሉ። ዕቃችሁን ምረጡ፣ በማሽኑ አስመቱ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ።»

ቅዳሜ ነበር። የአቶ ደረበ መኪና ሠራተኛውን ጭኖ መናኸሪያው ላይ አራገፈው። እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ኒሟ ዛፍ ሥር፣ ከባንቺአየሁ የተዋስኩት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ በመስታወቱ ውስጡ ይታየኛል። እሱ በቴሌቪዥን ሲያየኝ እንደነበረ፣ ዛሬ እኔ አያለሁ።

መጀመሪያ አዛናው ገባ። ቅርጫቱን ሞላው፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ፣ ብስኩት። ሰርካለም አንድ በአንድ መታችለት። ድምሩን ስትነግረው እጁን ኪሱ ከትቶ «ምርቃቱስ?» አላት።

«ምርቃት የለም» አለች።

«ይቅርታሽን፣ እታለም። ምርቃት የሌለው ዕቃ እናቴ ቤት አላስገባም» አለና ቅርጫቱን እዚያው ትቶ ወጣ።

አንዴ የተመታ ዕቃ የሚሰረዘው በባለቤቱ ቁልፍ ነው። ቸሩ ከውስጥ መጣ፣ ቁልፉን ከቶ ሰረዘ፣ ተመለሰ። ሁለተኛው ሠራተኛ ቀረበ፤ ተመታለት፤ «ምርቃቱስ?» አለ፤ ትቶ ወጣ። ቸሩ መጣ፣ ሰረዘ። ሦስተኛው ቀረበ። ዐሥረኛው ላይ ቸሩ መመለሱን ትቶ እዚያው ቆመ። ሃያኛው ላይ መጮኽ ጀመረ። ማንም አልጮኸበትም፤ ሁሉም ኮፍያውን አውልቆ በጨዋ ደንብ «ምርቃቱስ?» ይላል። ጥበቃው ሁሉንም ይፈትሻል፤ በአንዱም ላይ ምንም አላገኘም። ረፋዱ ላይ ባዶ ቅርጫት አለቀ። የሞሉት ቅርጫቶች ከሒሳቡ ጠረጴዛ እስከ በሩ ድረስ ወለሉን ያዙት፤ መደርደሪያው ተራቁቷል፣ የተሸጠ ዕቃ ግን የለም። ሌላው ገዥ የሚራመድበት አጥቶ ከበር ተመለሰ።

ከዚያ የወጣው ሁሉ ታዲያ በእኔ ፊት አልፎ፣ «እንዴት ዋልሽ፣ እናታለም» ብሎኝ፣ ወደ ባንቺአየሁ ሄደ። ባንቺአየሁ በአንድ ቀን የዓመቱን ሸጠች። ለያንዳንዱ አንድ እፍኝ እየጨመረች፣ «ይበርክትላችሁ» እያለች፣ ማታ እጇ አብጦ አየሁት።

ደስ አለኝ። ምን ብዬ እደብቃለሁ? የጉልበቴ ሕመም ሁሉ የተወኝ መሰለኝ። ሰርካለም አንድ ጊዜ በመስታወቱ በኩል አየችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። ለእሷ ብቻ አዘንኩ፤ ያችን ቀን አንድ ቃል የተናገረችልኝ እሷ ነበረች። ግን አልተነሣሁም። ስድስት ሰዓት ላይ ቸሩ ወደ በሩ ወጣና ማዶ እኔን አየኝ። ከፎቶዬ ጎን ነበር የቆመው። እኔና ፎቶዬ ሁለት ሆነን ተመለከትነው።

ነገሩ በዚያ ቀን አላበቃም። ወሬው ከሠራተኛው ጋር በየካምፑ ዞረ፤ የአብደራፊ ሹፌሮች እንኳ ሸሕዲ ሲቆሙ «ምርቃት የለም ያለው ቤት የትኛው ነው?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። የከተማው ሰውም ለመዝናናት እየገባ በማቀዝቀዣው ሲቀዘቅዝ ቆይቶ፣ «ምርቃቱስ?» ብሎ ይወጣል። ዳቦው ደረቀ፣ እርጎው ተጣለ። እነዚያው ሰልፍ ላይ ሆነው የሳቁብኝ ሴቶች «ያልተመረቀ ሱቅ ነው፣ አየሁሽ ካልመረቀችው አንገባም» አሉ። ሰው መቼም እንደዚህ ነው።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ቸሩ ሽማግሌ ላከ። ከንስሐ አባቴ ጋር አቶ ደረበ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች፣ እናቱ እማማ ታይቱም መጡ። ጠባቧ ክፍሌ ሞላች። ቸሩ ፎቶዬን በገዛ እጁ ልጦ ይዞት መጣ። ዓይኔ እያየ ቀደደው። ቀጥሎ አንድ ሙሉ ካርቶን ተምር ከፊቴ አስቀመጠ። አቶ ደረበም ዘምቢሌን ይዘው መጥተው ነበር፤ ጉልበቴ ላይ አኖሩልኝና «አጥፍቻለሁ» አሉ።

ቸሩ ተንበረከከ። «እማማ አየሁሽ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎን አልነበረም ያየሁት» አለኝ። «ካርቱም ሱቄን ሲዘርፉት በዓይኔ አይቻለሁ። መደርደሪያውን ሳይቀር ነቅለው የወሰዱት በየቀኑ ከእኔ ሲገዙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ እጅ ዕቃዬ ላይ ሲያርፍ ሳይ የምሆነውን አላውቀውም።»

ሰማሁት። እውነቱን እንደሆነም ዓይኑ ላይ አየሁ። ትንሽ አዘንኩለት፤ ይህንንም አልደብቅም። ግን የዘረፉት የካርቱም ሰዎች ናቸው፤ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ካርቶኑን ከፈትኩና ሰባት ተምር ቆጥሬ አወጣሁ። «ይህ የእኔ ነው» አልኩ። «የቀረውን ይዘህ ተመለስ። ይቅርታውን ግን ጠይቀሃል፣ ይቅር ብዬሃለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበለን።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። አባ ፈገግ አሉና «እንግዲያው መርቂውና እንነሣ» አሉኝ። ሁሉም እጁን ዘረጋ፣ አሜን ለማለት። ቸሩ ግንባሩን ጉልበቴ ላይ ደፋ። እማማ ታይቱ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው፣ ልክ ሱቅ ፊት እንደቆመች ገዥ፣ «በይ መርቂልኝ» አሉኝ።

የእሳቸውን መዳፍ አየሁ። ባዶ ነበር። የልጃቸውን ማጅራትም አየሁ። ወለል ላይ ተንበርክኬ ክብሪት የለቀምኩበት ቀን መጣብኝ።

«የጠየቅኸው ይቅርታ ነው፣ እሱን በልኩ ሰጥቼሃለሁ» አልኩት። «ምርቃት ከልክ በላይ የሚጨመር ነው። የእኔን ምርቃት ያን ቀን ከሱቅህ ስወጣ ሰጥቼህ ነበር፤ ሱቃችሁ አይጉደል ብዬህ ነበር። አንተ ከተምሩ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ጣልከው። አሁን ዋጋ ቁርጥ ነው። ምርቃት የለም።»

የተዘረጋው እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። እማማ ታይቱ መዳፋቸውን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አወረዱት። ቸሩ ሲነሣ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ካርቶኑን ታቅፎ እናቱን ደግፎ ወጣ። ሽማግሌዎቹና አቶ ደረበም ተከተሉት።

አባ በመጨረሻ ተነሡ። እንደ ወትሮው ከመውጣታቸው በፊት እንዲባርኩኝ ተንበርክኬ አንገቴን ደፋሁ፣ መስቀሉ ግንባሬን እስኪነካኝ ጠበቅሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲገቡም ሲወጡም ሳያሳልሙኝ ቀርተው አያውቁም። የጫማቸው ድምፅ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። መስቀሉን ከደረታቸው አላወጡትም።

«እዚህ ቤት ምርቃት የለም ሲባል ሰምቻለሁ፣ ልጀ» አሉኝና አልፈውኝ ወጡ።

ሰባቱ ተምር እጄ ላይ ነበሩ።